ቤተሰብ ይዞ ጎጃም፦ ከዓባይ በረሃ እስከ ጣና ዳር (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ትምህርት ሲዘጋ ወይም ጥምቀት ሲቃረብ የሚመጣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ልጆቹን ይዘን በራሳችን መኪና ባሕር ዳር ልንሄድ ነው፤ ምን እንወቅ?» ይላሉ። ኮረብታና ገደል፣ ኩርባና ነፋስ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ውኃ ያለበት መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠየቁትን ከነመልሳቸው እነሆ።

ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በአንድ ቀን ይገባል?

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር 565 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብረ ማርቆስ መሃል ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ።

በአንድ ቀን ይገባል። የሕዝብ አውቶብሱም ይገባል። ግን ልጅና አዛውንት ይዞ በአንድ ቀን መግባት ማለት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ፣ ምሳን በጥድፊያ ጎርሶ፣ ዘንገና ሐይቅን በመስኮት አይቶ፣ ማታ ደክሞና ተኮራርፎ ሆቴል መድረስ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደብረ ማርቆስ እደሩ። የመጀመሪያው ቀን የዓባይ በረሃ ነው። ሁለተኛው ቀን የደጋው አገር ነው። ሁለቱን አንድ ቀን ላይ ማጨቅ ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ሁለት ሌሊት ብቻ ያለው ሰው ደግሞ በመኪና አይምጣ። በአውሮፕላን መጥቶ ጣናን ይይ፤ መንገዱ ለሌላ ጊዜ ይቆየው።

መንገዱ ሰላም ነው?

ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። ሰው ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚያነሳው።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግጭት አለ። በዚህ ምክንያት መንገዱ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ አለ። ባለፈው ሳምንት የሄደ ዘመድ «ምንም የለም» ቢላችሁ እሱ የነገራችሁ ስለ ባለፈው ሳምንት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ምሽት ደውሉ። የት ቢባል፦ መንገዱን በየቀኑ ለሚመላለስ ሾፌር፣ ለምታድሩበት ሆቴል፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ላለ ዘመድ። ሦስቱ የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ የከፋውን እመኑ። ጠዋት ስትነሱም አንዴ ደግማችሁ ደውሉ።

በማታ አትንዱ። መታወቂያ የሁሉም አዋቂ፣ የመኪናው ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ በእጅ ይሁን። ኬላ ላይ ሲያስቆሟችሁ የውስጥ መብራት አብሩ፣ መስኮት አውርዱ፣ ስልክ አታንሱ። «አትለፉ» ከተባላችሁ አትከራከሩ፤ ተመልሳችሁ እደሩ። ልጅ ይዞ «እስኪ እንሞክር» የሚባል ነገር የለም። መንገዱ ካላስተማመነ ጉዞው ይቅር። ጣና የትም አይሄድም።

መቼ ብንሄድ ይሻላል?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ። ዝናቡ ወጥቷል፣ አገሩ ግን ገና አልደረቀም። አደይ አበባው መጀመሪያ ይመጣል፤ ቀጥሎ የኑግ ማሳ ይፈነዳል። ከደጀን እስከ ዳንግላ ያለው ቢጫ ሁሉ አደይ ነው ብሎ ለልጆቹ የሚያስረዳ አባት አይጠፋም። ግማሹ ኑግ ነው፤ ዘይት የሚወጣበት። ጢስ ዓባይም የሚያምረው ያኔ ነው።

ጥር ላይ መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ፈረሱ በቀለም ያጌጠ፣ ጋላቢው የለበሰ፣ ሜዳው ሰው ብቻ ነው። ልጅ ያላችሁ ከቻላችሁ በዚያ ቀን አስልታችሁ ኑ። የሆቴል ክፍል ግን ቀድማችሁ ያዙ።

ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። በረሃው ጠዋት በጉም ይሸፈናል፣ ከገደሉ ድንጋይ ይወርዳል፣ የእንጅባራ ዝናብም ማባሪያ የለውም። መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ በረሃው ያቃጥላል፣ ፏፏቴውም ይሳሳል።

የዓባይ በረሃ ቁልቁለት እውነት ያን ያህል ያስፈራል?

በሥርዓቱ ለነዳ ሰው አያስፈራም። በጉራ ለነዳ ሰው ያስፈራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎሐ ጽዮን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ወርዶ መውጣቱ በጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በካርታ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል። አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት።

ጎሐ ጽዮን ላይ ቁሙ። ልጆቹ ሽንት ቤት ይሂዱ። ጎማ እዩ፣ ውኃና ዘይት እዩ፣ ፍሬኑን ረገጥ አድርጋችሁ ሞክሩ። ስኮርታውና ክሪኩ ከሻንጣ ሥር ከሆነ አሁኑኑ ወደ ላይ አውጡት፤ በረሃው መሃል ሻንጣ ማራገፍ አያምርም።

ከዚያ ውረዱ። የድሮ ሾፌሮች «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ፤ ሌላ ሕግ አያስፈልግም። ሁለተኛ ማርሽ፣ አንዳንዴም አንደኛ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ከ«ዲ» አውርዱና እንደ መኪናው ዓይነት «ኤል»፣ «ቢ» ወይም «2» ላይ አድርጉ። ሞተሩ ይጮሃል፤ ይጩህ። መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ እንጂ ፍሬኑ መሆን የለበትም። ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ የሚወርድ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ የሚቃጠል ሸራ ይሸተዋል። ከሸተታችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ እስኪበርድ ጠብቁ። የጋለ ፍሬን ላይ ውኃ አትድፉ። ሽቅብ ስትወጡ ደግሞ ሞተሩ ከጋለ መጀመሪያ ኤሲውን አጥፉ። የራዲያተር ክዳን በሙቀቱ አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል።

ትልልቅ ተሳቢዎች እንደ ኤሊ ነው የሚወርዱት። ኩርባ ላይ አትቅደሙ። ኋላ ያለው ሚኒባስ ክላክስ ቢያደርግባችሁ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት፤ የቸኮለ ይሂድ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተጣሞና ተጎብጦ ታገኙታላችሁ። በፍጥነት ስትገቡበት መኪናው ይዘላል፣ መሪውም ይጎትታል።

አስፋልት ላይ የተቆረጠ ቅጠል ተጥሎ ካያችሁ ፍጥነት ቀንሱ። ከኩርባው ወዲያ የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው። ድንጋይም ጠብቁ፤ ጎማ ሥር አስገብተው ሲያበቁ መንገድ መሃል ጥለውት የሚሄዱ አሉ።

ታች ወንዙ ላይ ሁለት ድልድይ ታያላችሁ። አሮጌው ባለ ቅስት ነው። አዲሱ፣ በወፍራም ኬብሎች የተወጠረው፣ የሕዳሴ ድልድይ የሚባለው ነው፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተከፈተ። 303 ሜትር ርዝመት አለው። ጥበቃ ስላለ ሳትጠይቁ ካሜራ አታውጡ፣ ድልድዩ ላይም አትቁሙ። ፎቶ የሚያምረው ከላይ ነው፤ በደጀን በኩል ስትወጡ ሰፋ ያሉ ማቆሚያዎች አሉ።

ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሙዝ የሚወረውር ሰው ስለለመዱ ነው። አትወርውሩ። መስኮት ዝጉ፤ የሕፃን እጅ ላይ ያለ ብስኩት ለእነሱ ግብዣ ነው።

ልጆቹ ታሪክ የሚወዱ ከሆነ ደጃዝማች በላይ ዘለቀን እዚህ ጥሩላቸው። በጣልያን ወረራ ጊዜ በቢቸናና በዓባይ ዙሪያ የተዋጉት አርበኛ ናቸው። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ የተሰየመውም በእሳቸው ስም ነው።

ልጄን መኪና ያዞራታል። ምን ላድርግ?

ከጎሐ ጽዮን በፊት ከባድ ነገር አታብሏት። ደረቅ ዳቦ ወይም ትንሽ ቆሎ ይበቃል። ወተትና ጭማቂ አይሁን። ስልክ ከእጇ ይውጣ፤ ወደ ፊት ለፊት፣ ወደ ሩቅ ትይ። መስኮቱ ትንሽ ይከፈት። ዝንጅብል የሚያኝኩ አሉ፣ ሎሚ የሚያሸቱም አሉ፤ ልጅቷ የምትወደውን አድርጉ። የማዞር መድኃኒት ልትሰጡ ካሰባችሁ ግን ዕድሜዋን ለፋርማሲስት ነግራችሁ ይሁን። ፌስታል ደግሞ ከሁለት በላይ ያዙ።

ሹፌሩ ቢረጋጋ ግማሹ ማዞር ይቀራል። ይሄን ለሹፌሩ የምትነግሩት መንገድ ሳትጀምሩ ነው።

ቪትዝ ትችላለች?

ትችላለች። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። አምስት ሰው፣ ሦስት ሻንጣና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭና ግን ደጀንን ስትወጣ ታለቅሳለች። ጤፉን በመመለሻ ግዙ ቢባልም ያው በመመለሻም በረሃው አለ። በአይሱዙ ላኩት።

ነዳጅ ግማሽ ሲሆን ሙሉ። የሚቀጥለው ከተማ ማደያ ቢኖረውም ቤንዚን ላይኖረው ይችላል፤ ወረፋውም ያናድዳል።

በሞጣ በኩል ይቀርባል ይባላል። በዚያ እንሂድ?

ይቀርባል። ከደጀን ወደ ቀኝ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። የምሥራቅ ጎጃም የቅኔ አገር ያ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም በዚያ በኩል ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰብ ጋር ለሚመጣ ግን አልመክርም። ከተሞቹ ይራራቃሉ፣ ማደሪያውም ማደያውም ያነሰ ነው። ዘመድ ያለው ይሂድበት።

የት የት እንቁም?

ብዙ ቦታ አለ፤ ሁሉም ጋ መቆም ግን ባሕር ዳር አያደርስም።

ከአዲስ አበባ ስትወጡ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ላይ የደብረ ሊባኖስ መታጠፊያ አለ። ጎጃም አይደለም፣ ሰላሌ ነው። ግን ገደሉና ጭላዳዎቹ ለልጆች የመጀመሪያውን ድካም ያስረሳሉ።

ደብረ ማርቆስ ስትደርሱ ይበርዳል። ከበረሃው በአጭር እጅጌ ወጥታችሁ ሹራብ የምትፈልጉበት ከተማ ነው። ከተማዋ ድሮ መንቆረር ትባል ነበር፤ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ ነበረች። ማታ ወጣ ብሎ ክትፎና ጥብስ በልቶ መተኛት ነው። ጠዋት ሰማዩ ከጠራ በስተሰሜን በኩል የጮቄ ተራራ ይታያል፤ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። የጎጃም ወንዞች ብዙዎቹ ከዚያ ይነሳሉ። ከዚህ በኋላ የምትሻገሯቸውን ድልድዮች ልጆቹ ይቁጠሩ፤ ሥራ ይሆንላቸዋል።

ፍኖተ ሰላም ላይ ሞቅ ይላል። ለቡናና ለእግር ማፍታቻ ጥሩ ነው። በወቅቱ ከሆነ ማንጎ አይጠፋም። ቡሬ ስትደርሱ በርበሬ የማይገዛ እናት አላየሁም። ግዙ፤ ግን በሁለት ፌስታል አስራችሁ ከኋላ አድርጉት። አለዚያ እስከ ባሕር ዳር ታስነጥሳላችሁ።

ከቡሬ በኋላ አገሩ ይለወጣል። አዊ ነው፤ ከፍ ያለ፣ አረንጓዴ፣ ቀዝቃዛ። ከእንጅባራ ጥቂት ቀደም ብሎ ዘንገና ሐይቅ አለ፤ ከአስፋልቱ ብዙ አይርቅም። በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ክብ ሐይቅ ነው። ዙሪያው ዛፍ ነው፤ ጦጣ አለ። ከሁሉም ማቆሚያ አንድ ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ይሄን እመርጣለሁ። ውኃው ዝም ያለ ስለሆነ ጥልቅ አይመስልም፣ ግን በጣም ጥልቅ ነው። ልጆች እጅ ላይ ይያዙ። ጫፉ ላይ አጥር የለም።

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀጥ ቀጥ ያለ ቀጭን ዛፍ ታያላችሁ፣ ከሥሩ ደግሞ በረድፍ የተደረደረ የከሰል ጆንያ። ዛፉ ዲከረንስ ነው። ገበሬው እንደ ሰብል ይተክለዋል፤ በጥቂት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል፤ መሬቱን ደግሞ እህል ዘርቶበት መልሶ ይተክለዋል። የጭሱ ሽታ መኪና ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ቡና የምናፈላበት ከሰል ከየት እንደሚመጣ ለልጅ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

መራዊ ስትደርሱ የቆጋ መስኖ አለ። ሜዳው በበጋም አረንጓዴ ነው። ከዚያ ባሕር ዳር ቅርብ ነው።

ወደ ሰከላ ገብታችሁ ግሽ ዓባይን፣ የወንዙን መነሻ፣ ማየት ከፈለጋችሁ ራሱን የቻለ ቀን ስጡት። ምንጩ ጠበል ነው። ሰው የሚመጣው ለመጎብኘት ሳይሆን ለመዳን ነውና በዚያው ልክ ተረጋግቶ መግባት ነው።

ከብቱና ገበያተኛውስ?

ከበረሃው ይልቅ አደጋ ያለው እዚህ ነው። በገበያ ቀን፣ በተለይ ቅዳሜ፣ አህያው፣ በጉ፣ ባጃጁና ጥላ የያዙ እናቶች መንገዱን ይካፈሉታል። አህያ ክላክስ ሰምቶ ዘወር አይልም። አንድ በግ ከተሻገረ ሌሎቹ ተከትለው ይሻገራሉ፤ የመጨረሻው እስኪያልፍ ጠብቁ። እረኞች እጅ ያወዛውዛሉ፤ ልጆቻችሁም መልሰው ያወዛውዙ። ከመስኮት ከረሜላና ባዶ ጠርሙስ መወርወር ግን ይቅር፤ ልጅ ለማንሳት ሲሮጥ ከጎማ ሥር ይገባል።

ጣና ላይ ነፋስ አለ ይባላል። ጀልባው ለልጆች ያሰጋል?

ጠዋት አያሰጋም። ከሰዓት በኋላ ያሰጋል።

ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው፣ ቀትር ካለፈ በኋላ ነጭ ማዕበል ያወጣል። ትንሽ ጀልባ ትዘላለች፣ ውኃው ፊት ላይ ይረጫል፣ ልጆች መጀመሪያ ይስቃሉ ከዚያ ያለቅሳሉ።

ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወይም 2 ሰዓት ውጡ፤ ለምሳ ተመለሱ። «ከሰዓትም እንወስዳችኋለን» የሚል ባለ ጀልባ ሁሌም አለ። ይቅርባችሁ። ዋጋ ተነጋግራችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ ተስማምታችሁ፣ ላይፍ ጃኬቱን በዓይናችሁ አይታችሁ ተሳፈሩ። የልጅ ልክ ጃኬት መኖሩን ለይታችሁ ጠይቁ። የአዋቂው ለሕፃን አይሆንም፤ በአንገቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል።

የት ሂዱ ብባል ዘጌ እላለሁ። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባሕረ ገብ መሬት ስለሆነ በመኪናም ይደረሳል፤ ውኃ የሚፈራ አያት ካለ በየብስ ሄዶ እዚያው መገናኘት ይቻላል። ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የበቀለው። ቀይ ፍሬው በእጅ ይደረሳል፤ አይቆረጥም፣ የሰው ነው። እዚህ በሬ ተጠምዶ አይታረስም። በአካባቢው እንደሚነገረው ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን የሰጧቸው አባ በትረ ማርያም ናቸው፤ ሕዝቡም እስካሁን በዚያ ይኖራል። የቤተ ክርስቲያኑ መቅደስ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ልጆች ቅዱስ ጊዮርጊስን ራሳቸው ፈልገው ያግኙ።

ጫማ ይወለቃልና በቀላሉ የሚወልቅ አድርጉ። ሴቶች ነጠላ ይያዙ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የተባሉት የደሴት ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። ይሄን ጀልባ ላይ ከወጡ በኋላ መስማት ያናድዳል፤ ባለ ጀልባውን መጀመሪያ «ሴቶች አሉን» በሉት። ዑራና እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችም ይገባሉ።

ነፋሱ ራሱ ደግሞ ከዳር ሆኖ ሲያዩት ደስ ይላል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ካሉት መዝናኛዎች በአንዱ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ማዕበሉ ድንጋይ ሲመታ እያዩ ቡና መጠጣት ነው። ለሕፃን ኮፍያና ስስ ጃኬት ያዙ።

ልጆች ጣና ውስጥ መዋኘት ይችላሉ?

አይ። ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ እግር መንከርም አይመከርም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ከሩቅ ሲያዩት ሰነፍ ይመስላል፤ አይደለም። መዋኘት የሚወዱ ልጆች ካሏችሁ መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ያዙ።

ባሕር ዳርና በረሃው ወባ አለባቸው። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ማታ ረጅም እጅጌ አልብሷቸው። ከተመለሳችሁ በኋላ ልጅ ካተኮሰው ለሐኪሙ የት እንደነበራችሁ ንገሩት።

ጢስ ዓባይ አሁንም ያጨሳል?

እንደ ወቅቱ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ለኃይል ማመንጫዎቹ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ቀጭን ሊሆን ይችላል። የድሮ ፎቶ አይቶ በመጋቢት የመጣ ሰው ያዝናል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ከመጣችሁ ግን ገና ሳትደርሱ ድምፁን ትሰማላችሁ፤ ጭጋጉም ያረጥባችኋል። መንገዱ ላይ የጥንቱን የድንጋይ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ዳገቱ አጭር ቢሆንም ያንሸራትታል፤ ስሊፐር አይሆንም።

ምን ይበላል? ጾም ላይ ብንሆንስ?

ጾም ካልሆነ ችግር የለም። ባሕር ዳር ዓሳ ነው። ቆሮሶ ተጠብሶ ሙሉውን ይመጣል፤ አዋዜና ሎሚ አለው። አምባዛ ወፈር ያለ ሥጋ አለው፣ ለጉላሽ ይሆናል። ለትንንሽ ልጆች አጥንት የወጣለት ጠይቁ።

ጾም ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ይጀመራል። ዓሳ የጾም ነው የሚል አለ፣ አይደለም የሚል አለ፤ ሆቴሉ ግን በጾም ቀንም ያቀርባል። አያት አብረው ካሉ ከማዘዛችሁ በፊት እሳቸውን ጠይቁ። በያይነቱ በየከተማው አለ፤ የጎጃም ሽሮ አያሳፍርም።

እናቴ 70 አልፏቸዋል። ይከብዳቸዋል?

መቀመጥ ነው የሚከብዳቸው። በየሁለት ሰዓቱ አውርዷቸው፣ ትንሽ ይራመዱ። የፊት ወንበር ስጧቸው፤ እዚያ ማዞሩም ይቀንሳል። ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ደጋ በአንድ ቀን ስለሆነ ጋቢም ቀጭን ነጠላም በእጃቸው ይሁን። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው። በረሃው ውስጥ ሻንጣው ያለበት ኋላ ይግላል። ደረጃና ዳገት የማይችሉ ከሆነ ጢስ ዓባይን ትተው ባሕር ዳር ይቆዩ። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የእግረኛ መንገድ ሰፊና ደልዳላ ነው፤ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ወንዙን እያዩ ቀስ ብለው ይሻገሩታል።

ታንኳ ላይ ፎቶ መነሳት ይቻላል?

ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ዳር ላይ። ታንኳው ከደንገል የተሠራ ነው፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የሰውየው የሥራ ዕቃ ነውና ልጆች አይዝለሉበት። ወደ መሃል አውጣን ማለት ግን አይሆንም።